ለጨነቅ አዳር የትኛውን ምድጃ ልያዝ?

ሰላም፣ ተራራ ላይ የማደር ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ሁለት ሆነን ከአራት ኪሎ ተነስተን ሰሜን ተራሮች ላይ ሦስት ሌሊት ልናድር ነው፤ አንዱ ጨነቅ ነው፣ 3,600 ሜትር አካባቢ። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱና ከሥር የሚነጠፈው ተሟልቷል። የቸገረኝ ምድጃው ነው።

መርካቶ ያገኘሁት ረጅሙን የ220 ግራም የጋዝ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ቡቴን ብቻ። ቡቴን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቅተዋል። ከፍታው የአየር ግፊቱን ስለሚቀንስ ትንሽ ያግዘዋል፤ ግን ጋዙ ሲተን ቆርቆሮው ራሱ እየቀዘቀዘ ይሄድና እሳቱ ይደክማል። ማታ ከረጢት ውስጥ ይዞ ማደር፣ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይረዳል። ሙቀት እንዲያገኝ ብሎ በነፋስ መከላከያ ዙሪያውን መዝጋት ግን ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

መጠኑም አልተመቸኝም። አንድ ሊትር ለማፍላት 15 ግራም፣ በቀን አራት ሊትር፣ ለሦስት ቀን 180 ግራም። ነፋስ ካለ አንድ ቆርቆሮ አይበቃም። እዚያ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስር አይታሰብም፤ በሶና ሽሮ ይዘናል።

ፕሮፔን (በብርድም የሚተን ጋዝ) የተቀላቀለበት፣ በጥርስ የሚታሰረው ቆርቆሮ ፒያሳ ወይም መርካቶ የት አካባቢ ይገኛል? ካልተገኘስ ባለፓምፕ የላምባ ምድጃ ይሻላል? ማቃጠያው መጀመሪያ በአልኮል መሞቅ አለበት፤ በዚያ ብርድ ለአንድ ጊዜ ምን ያህል አልኮል ይፈጃል? የምንሄደው በመኪና ስለሆነ ጋዝ በአውሮፕላን ይዞ የመሄድ ክልከላው አይመለከተንም።