ከኤርታ አሌ እሳት ባሻገር የጨው መንገዱን ለማየት በየት በኩል እንግባ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ከአፋሩ የጨው ሐይቅ ከአሳሌ አሞሌ እያስጫኑ ወደ ደጋ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በጥር ከአባቴ ጋር አፋር ልንወርድ አስበናል፤ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። አስጎብኚዎች የሚነግሩን ስለ ኤርታ አሌ እሳት ብቻ ነው። የጨው ቆረጣውንና የቅፍለቱን መንገድ እንዴት እንይ? ተራራውንስ አባቴ ይችሉታል?

መልስ፣ ከሰመራ፦
እህቴ፣ ጥር ጥሩ ወር ነው። ግን ከመነሣታችሁ በፊት የተራራውንና የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። የኤርታ አሌ ጎረቤት የሆነው እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ዘልቋል፤ አፍዴራ በኩል ግጦሹን አመድ አልብሶት ነበር። ኤርታ አሌ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚያደክመው ዳገቱ ሳይሆን ሙቀቱና እግር የሚቆርጠው የደረቀ ላቫ ነው። አባታችንን ባታስወጧቸው እመርጣለሁ። ያለ አፋር መሪም እንዳትገቡ።

መልስ፣ ከመቀሌ፦
የአያትሽ መንገድ በበራህሌ አድርጎ አህመድ ኤላ ይወርዳል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በዚያው ግቡ፤ አባትሽ ያለ ድካም በመኪና ይደርሳሉ። አሳሌ በማለዳ ተገኙ። አንዱ ወገን በረጅም እንጨት ጨዉን ከመሬት ይፈነቅላል፤ ሌላው ቁጢጥ ብሎ ጠርዙን ይጠርባል። ሜትር የለ፣ ገመድ የለ፣ በዓይን ብቻ ለክተው አሞሌውን ሁሉ እኩል ያወጡታል። ይህ አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር! አሁን ብዙውን ጭነት የጭነት መኪና ወስዶታል፤ ስለዚህ ግመሎቹን ለማየት አትዘግዩ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፦
ዳሎልንም ጨምሩ። ሰው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴውን ፍልውሃ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። አጠገቡ ያለውን፣ ግድግዳው በጨው ጡብ የተሠራውን የድሮ የፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን) ማውጫ ሰፈር ፍርስራሽ ግን ብዙው ሰው አያየውም። ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጡማ ተነሥቶ ወደዚህ አቅጣጫ የሚመጣ ባቡር ጣልያኖች የዘረጉት ለዚሁ ፖታሽ ብለው ነበር።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጨው ቆራጮቹን ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

መልስ፣ ከመቀሌ፦
አስፈቅዳችሁ አንሡ። የሚከፈላቸው በቆረጡት ልክ ስለሆነ ሥራ አታስፈቷቸው። አባትሽ በእረፍታቸው ሰዓት ቢያጫውቷቸው ይሻላል፤ ከቆራጮቹ ትግርኛ የሚችል አይጠፋም።