የቆጣሪ ሳጥን ሲጨስ መጀመሪያ 939 ወይስ 905?

በእሳት አደጋ መከላከል ወይም በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያላችሁ እባካችሁ እርዱን። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ኮንዶሚኒየም በየብሎኩ መግቢያ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እያዘጋጀን ነው። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939፤ እነዚህ አላስቸገሩንም።

የተቸገርነው የጋራው ቆጣሪ ሳጥን ላይ ነው። እሳቱ ከቆጣሪው በፊት ባለው ገመድ ላይ ከተነሳ፣ ነዋሪው የቤቱን ብሬከር ቢያወርድም ኃይሉ አይቋረጥም። ውኃ ቢደፋበት ደግሞ ሰውየውን ራሱን ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። መስመሩን ከውጭ የሚቆርጠው መብራት ኃይል ስለሆነ 905ም የግድ ነው። ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ጭስ ወይም ነበልባል ካለ አንዱ ሰው 939፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት 905 ይደውል። ሌሊት ላይ የዘበኛው ስልክ ብቻ ካለስ? እኛ 939 ይቅደም ባይ ነን፤ ትክክል ነን?

አድራሻውንም እዩልን። «ብሎክ 12 ነን፣ ቶሎ ድረሱ» ብሎ ስልኩን መዝጋት መኪናውን ያንከራትታል፤ ብሎክ 12 በብዙ ሳይት አለ። ስለዚህ ክፍለ ከተማ፣ የሳይቱ ስም፣ ብሎክ፣ ፎቅ፣ ከአስፋልቱ መታጠፊያ አጠገብ ያለ የታወቀ ምልክት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ጽፈናል። አንድ ሰው መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቅ፣ በሩ ላይ የቆሙ መኪኖችም ይነሱ ብለናል። ስልክ የምትቀበሉ ባለሙያዎች፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቦታውን ነው ወይስ የሚነደውን?