የቪክቶሪያ ቡናማ ከሰል፦ ከግማሽ በላይ ውሃ የሆነ ከሰል ቦይለር ውስጥ እንዴት ይነዳል?

ኪሎዋት_ቆጣሪ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ አውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ነው። ሥራ ላይ ያሉት ሦስቱ የከሰል ማመንጫዎች፣ ሎይ ያንግ ኤ፣ ሎይ ያንግ ቢ እና ያሎርን፣ ሁሉም ከሜልበርን በስተምሥራቅ በላትሮብ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ከሰሉ ከጉድጓድ ሲወጣ ከ60 እስከ 66 በመቶው ውሃ ነው። በእኔ ስሌት አንድ ሜጋዋት ሰዓት ለማመንጨት 1.3 ቶን ገደማ ይነዳል። የጎረቤቱ የኒው ሳውዝ ዌልስ ጥቁር ከሰል ግን ለዚያው ሥራ ከግማሽ ቶን ያነሰ ይበቃዋል። ውሃው የት ላይ ነው የሚወገደው? ለምንስ አስቀድሞ አይደርቅም? ደግሞስ ቀን የፀሐይ ኃይል በዝቶ ዋጋው ከዜሮ በታች ሲወርድ ለምን አያጠፉትም?

እቶን_ዳር

ስሌትዎ ትክክል ነው። ሎይ ያንግ ኤ ላይ ያለ አንድ 560 ሜጋዋት ገደማ የሚሆን ዩኒት (አንድ ቦይለር ከነተርባይኑ) በሙሉ ጭነት በሰዓት ከ650 እስከ 700 ቶን ከሰል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ከ400 ቶን በላይ የሚሆነው ተንኖ በጭስ ማውጫው የሚወጣ ውሃ ነው።

ከሰሉ የሚደርቀው ወደ ዱቄት በሚፈጨው ወፍጮ ውስጥ ነው። ለጥቁር ከሰል ወፍጮ ሞቅ ያለ አየር ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። ስለዚህ ከእቶኑ የላይኛው ክፍል 1,000 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ጋዝ በቱቦ ተስቦ እርጥቡ ከሰል ላይ ይለቀቃል። ወፍጮው ራሱ እንደ ፋን ጋዙን ይስባል፣ ከሰሉን ይፈጫል፣ ዱቄቱን ከእንፋሎቱ ጋር ወደ በርነሩ፣ ማለትም ነበልባሉ ወደሚነሳበት የእቶኑ አፍ፣ ይገፋል። ይህን ያህል ሙቀት ዱቄቱን የማያቀጣጥለው የተቃጠለ ጋዝና እንፋሎት ኦክስጅን ስለሌላቸው ነው፤ በትክክል አነጋገር በጣም ትንሽ ስላላቸው።

አደጋው የሚመጣው ሚዛኑ ሲዛባ ነው። ከሰል ወደ ወፍጮው የሚያስገባው መጋቢ ላይ ከሰሉ ተጣብቆ ቢቋረጥ፣ ጋዙን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የለምና የወፍጮው መውጫ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይተኮሳል። ያኔ ውሃ ይረጫል ወይም ቀዝቃዛ ጋዝ ይገባል። በቆመ ወፍጮ ውስጥ የቀረ ዱቄት ላይ አየር ከገባ ደግሞ እሳት ነው። የመምቻ ሳህኖቹም በአሸዋ ይበላሉ፤ ያልበሰበሰ የእንጨት ጭረት ከሰሉ ውስጥ ሲበዛ አፈጫጨቱ ሸካራ ይሆናል።

የውሃው ዋጋ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። ደረቁ ከሰል በኪሎ 26 ሜጋጁል ገደማ አለው። ውሃው 62 በመቶ ሲሆን 0.38 × 26፣ ማለትም 9.9 ሜጋጁል ይቀራል። ውሃውን ለማትነን 1.5፣ ከሃይድሮጅኑ ቃጠሎ ለሚፈጠረው ውሃ 0.4 ሲቀነስ 8 ሜጋጁል ገደማ ነው። ውሃው 66 በመቶ ከሆነ በዚሁ ስሌት 6.9 ላይ ይደርሳል። በአራት ነጥብ ልዩነት ብቻ 14 በመቶ ሙቀት ይታጣል! ለዚህ ነው የማዕድኑ ሰዎች ከየትኛው ሽፋን እንደሚቆፍሩ ቦይለሩ ክፍል ያለው ሰው አጥብቆ የሚጠይቃቸው።

ግሪድ50

የማጥፋቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከላይ የተገለጸው ማድረቂያ የሚሠራው እቶኑ እስከሞቀ ድረስ ነው። ጭነት ሲቀነስ የሚሳበው ጋዝ ይቀዘቅዛል፣ ከሰሉ በደንብ ሳይደርቅ በርነሩ ላይ ይደርሳል፣ ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል። ያኔ በተፈጥሮ ጋዝ ካልተደገፈ ዩኒቱ በድንገት ይቆማል። ስለዚህ በምቾት የሚወርዱት እስከ ግማሽ ጭነት አካባቢ ነው። ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ ከቀዝቃዛ ለመነሳት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ወፍራሞቹ የእንፋሎት ቱቦዎችና የተርባይኑ አካል ቀስ ብለው ካልሞቁ ይሰነጠቃሉ።

ሂሳቡን ይዩት። አንድ ዩኒት በ280 ሜጋዋት ላይ ሆኖ ለ5 ሰዓት ዋጋው በሜጋዋት ሰዓት −50 ዶላር ቢሆን 70,000 የአውስትራሊያ ዶላር ይከስራል። ምሽት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን 500 ሜጋዋት በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ ጠፍቶ ከሆነ ያ ምሽት አመለጠው። የገበያው የታችኛው ወለል −1,000 ዶላር ነው፣ እዚያ ድረስ ሲወርድ ስሌቱ ይለወጣል።

ሌላም ነገር ልጨምር። ይህ ከሰል ተከምሮ ሲቆይ በራሱ ይግላል፣ ይነዳል። ስለዚህ ለሳምንታት የሚሆን ክምችት አይያዝም፤ ከመቆፈሪያው በኮንቬየር በቀጥታ ይመጣል። ጉድጓዱ ከተጎዳ ማመንጫውም አብሮ ይጎዳል። በ2012 የሞርዌል ወንዝ ማዞሪያ ተሰብሮ የያሎርን ጉድጓድ በውሃ ሲሞላ ይኸው ታይቷል። በ2021 እንደገና ሲሰነጠቅ ግዛቱ የኃይል አስቸኳይ ጊዜ አውጇል። በ2014 ደግሞ በዚያው ሸለቆ ያለው የሌላው ማመንጫ፣ የሄዝልውድ፣ ጉድጓድ 45 ቀን ነደደ።

ኪሎዋት_ቆጣሪ

እናመሰግናለን፣ ብዙ ነገር ገባኝ። የቀረኝ አንድ ነው፦ ከሰሉን ዝቅተኛ ግፊት ባለው እንፋሎት ከቦይለሩ ውጭ አድርቆ ለነባሩ ቦይለር ማብላት አይቻልም?

እቶን_ዳር

በከፊል ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይቻልም። እነዚህ ቦይለሮች ለእርጥብ ከሰል የተሠሩ ናቸው፤ ግዙፍ የሆኑትም የእንፋሎቱን ብዛት ለማስተናገድ ነው። ደረቅ ከሰል ብቻ ቢገባ ነበልባሉ በጣም ይግላል። የላትሮብ አመድ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሶዲየም አለበት፣ ሲግል ይለሰልሳል፣ ቱቦዎቹ ላይ ይለጠፋል። ሙቀት ማስተላለፍ ይቀንሳል፣ ጋዙ ሳይቀዘቅዝ ወደ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ቱቦዎችም ይደፈናሉ። በእንፋሎትና በውሃ መርጫ ማጽዳት አለ፣ ግን የጠነከረውን ዩኒቱን ሳያቆሙ ማስለቀቅ ከባድ ነው። የተወሰነ እጅ ደረቅ ከእርጥቡ ጋር ቢቀላቀል እቶኑ ይችለዋል።

በእኔ እምነት ለነባሮቹ ጊዜው አልፏል። ሄዝልውድ በመጋቢት 2017 ተዘግቷል፤ ያሎርን በ2028 አጋማሽ፣ ሎይ ያንግ ኤ በ2035 እንደሚዘጉ ባለቤቶቻቸው አስታውቀዋል። በቀረው ዕድሜ ለማድረቂያ ከሚወጣ ገንዘብ ይልቅ፣ የነበልባል መቆጣጠሪያውንና የወፍጮውን ሙቀት ማስተካከያ አሻሽሎ ዝቅተኛውን ጭነት ጥቂት አሥር ሜጋዋት ማውረድ የተሻለ ይከፍላል።

ግሪድ50

እስማማለሁ። ከዚያ ጋር ግን የወፍጮዎቹን ተራ አትርሱ፦ ጭነት ሲወርድ ሁሉንም በትንሹ ከማስኬድ ጥቂቶቹን አቁሞ የቀሩትን ሙሉ ማሠራት ነበልባሉን ያጸናል።