በአንድ የጀርባ ቦርሳ በሚያዝ ዕቃ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን በቀጥታ መጫወት፦ ምን ልያዝ?

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃ የምሠራው ቤቴ ውስጥ በላፕቶፕ ነው፤ ሰው ፊት ቀርቤ ተጫውቼ አላውቅም። በቅርቡ ማሲንቆ ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር በአንድ ካፌ አርባ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ዝግጅት እንድናቀርብ ተጋብዘናል። የሚሰጠን አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ሶኬትና ወደ ሚክሰሩ የሚገቡ ሁለት መስመሮች ብቻ ሲሆኑ፣ የምንሄደው በታክሲ ስለሆነ ዕቃው በሙሉ በአንድ የጀርባ ቦርሳ መግባት አለበት።

ላፕቶፑን ትቼ በትናንሽ ማሽኖች ብቻ መጫወት ያዋጣኛል? ዘፈኖቻችን አብዛኞቹ በችክችካ የሚሄዱ፣ ቅኝታቸውም ትዝታና አምባሰል ሆኖ ሳለ፣ ለአራት አራተኛ ምት ታስቦ በተሠራ ባለ 16 ስቴፕ (አንዱ ዙር በ16 እኩል ደረጃ የተከፈለ) ማሽን እንዴት ይጫወታሉ? በመካከል መብራት ቢጠፋስ ምን ይውጠናል?

ምት ቆጣሪ

ማሽን ከመምረጥዎ በፊት በመድረክ ላይ በእጅዎ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ይወስኑ። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ከሁለት ነገር በላይ አይቆጣጠርም፤ ከዚያ በላይ የተደረደረው ማሽን ራሱን ችሎ ይዞራል እንጂ እርስዎ እየተጫወቱት አይደለም። ከማሲንቆ ጋር ለሚቀርብ ዝግጅት ከበሮ፣ ባስና ዜማ በአንድ ላይ የያዘ አንድ ማሽን ይበቃል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኖቬሽን ሰርኪት ትራክስ ሁለት የሲንተሳይዘርና አራት የከበሮ ትራኮች (ለየብቻ የሚጫወቱ የድምፅ መስመሮች) አሉት፤ በራሱ ባትሪ እስከ አራት ሰዓት ይሠራል። ሁለት የድምፅ መግቢያዎችም ስላሉት የማሲንቆውን ድምፅ በትንሽ ፕሪአምፕ አጉልተው በማሽኑ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) እና ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ ደጋግሞ በሚያሰማው ክፍል) ውስጥ ማሳለፍ ይችላሉ። ዋጋው ከከበደዎ ኮርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣቸው ቮልካ ከሚባሉ ትናንሽ ማሽኖች ቢትስን (ከበሮውን) እና ባስን ያጣምሩ፤ እያንዳንዳቸው በስድስት ድንጋይ ባትሪ አሥር ሰዓት ያህል ይሠራሉ፤ በአንዲት ቀጭን ገመድ ሲገናኙም አንዱ የሌላውን ምት ተከትሎ ይሄዳል።

ችክችካው ብዙ ሰው የሚቸገርበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ችክችካ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ስለሚከፍል የዙሩን ርዝመት ከ16 ስቴፕ ወደ 12 ያሳጥሩ፤ በቮልካ ላይ ይህ የሚደረገው የመጨረሻዎቹን አራት ስቴፖች በማጥፋት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ምት ሦስት ስቴፕ ይይዛል፣ አንድ ዙርም አራት ምት ይሆናል። ነገር ግን ማሽኑ አሁንም አንድ ምት አራት ስቴፕ እንደሆነ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በቴምፖው ላይ የሚያዩት ቁጥር በጆሮዎ ከሚሰሙት ፍጥነት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የፈለጉትን ፍጥነት በሦስት አባዝተው ለአራት ያካፍሉ፦ በደቂቃ 120 ምት ለመስማት ማሽኑን 90 ላይ ያደርጉታል። ዲሌዩንም እንደ ልማዱ በሩብ ኖታ ከተዉት ማሚቶው በየአራት ስቴፑ እየመጣ ምቱን ያፈርሰዋል፤ ባለ ነጥብ ስምንተኛ ኖታ ላይ ሲያደርጉት ግን በየሦስት ስቴፑ እየተመለሰ ከችክችካው ጋር ይገጥማል። ፋብሪካው ራሱ ለእኛ አስቦ የሠራው እስኪመስል ድረስ ያምራል።

ቅኝቱ ይቀላል። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ እነዚህ አምስቱ የላ ማይነር ፔንታቶኒክ ኖታዎችም ስለሆኑ በሰርኪት ላይ ያንን ስኬል (የኖታዎች ስብስብ) መርጠው ይጫወታሉ። አምባሰል በስሙ አይገኝም፤ ነገር ግን አምስቱም ኖታዎቹ በፍሪጂያን ስኬል ውስጥ ስላሉ፣ ከዶ ሲነሡ ሚ ፍላትንና ሲ ፍላትን ሳይነኩ መጫወት ነው። ማሲንቆው ያለው አንድ ክር ብቻ በመሆኑ ጓደኛዎ ከማሽኑ ጋር ቢቃኝ ይሻላል።

መብራቱ ሲጠፋ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ባትሪ መያዝዎ ዝግጅቱን ከመቋረጥ አያድነውም። ጥቅሙ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ይታያል፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ማሽን ከዜሮ ሲነሣ በባትሪ የሚሠራው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። በመካከል ያለውን ጸጥታ ማሲንቆው ይሞላዋል፤ እሱ መብራት አይፈልግም።

አዲስ ዕቃ ለምን

አዲስ ማሽን ይያዝ በሚለው ምክር አልስማማም። ጠያቂው ድምፆቹን፣ ዘፈኖቹንና አሠራሩን የሚያውቀው በላፕቶፑ ላይ ሲሆን፣ ላፕቶፕም ቢሆን የራሱ ባትሪ አለው። በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ አነስተኛ ሚዲ ኮንትሮለር (ላፕቶፑን በእጅ የሚያዝዙበት ባለ ቁልፍ መቆጣጠሪያ) ቢጨምር ወጪው ትንሽ ይሆናል፤ በማያውቀው ማሽንም ሰው ፊት አይደናበርም። ተመልካቹ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ሰው ማየት አይወድም የሚባለው እውነት ነው፤ እሱንም ስክሪኑን ወደ ጎን አዙሮ በኮንትሮለሩ ብቻ በመጫወት ማስቀረት ይቻላል።

የሳውንድ ሰው

በየትኛውም ብትጫወቱ ሚክሰሩ ጋ ስትደርሱ የሚያስቸግራችሁ ኬብሉ ነው። የቮልካው መውጫ እንደ ስልክ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ትንሽ የስቴሪዮ ጃክ ነው። ይህንን በስቴሪዮ ገመድ በቀጥታ ወደ አንድ ባላንስድ መስመር (የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ብቻ ወደሚቀበል መግቢያ) ከሰካችሁት ሚክሰሩ የቀኙን ድምፅ ከግራው ላይ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱም ወገን እኩል ያለው ነገር፣ ማለትም ከበሮውና ባሱ፣ ይጠፋና ቢሰማችሁም የሳሳ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። መፍትሔው ወደ ሁለት ሞኖ ጃኮች የሚከፈል የዋይ ኬብል ነው።

ላፕቶፑን ከመረጣችሁ ደግሞ ቻርጀሩን ስትሰኩ የሚመጣውን እዝዝታ ጠብቁት። ብዙውን ጊዜ መነሻው ላፕቶፑና ሚክሰሩ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከመሬት ገመድ ጋር መገናኘታቸው ነው። ቻርጀሩን መንቀል፣ ካልሆነም ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) በመካከል ማስገባት ያጠፋዋል። የሶኬቱን የመሬት እግር የሚቆርጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በምንም ምክንያት እንዳታደርጉት፤ አደጋው ለሕይወት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

በባትሪ መጫወት ለእኛ አገር ሙዚቀኛ አዲስ ነገር አይደለም። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ሳይለየው፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የአኮርዲዮንና የሲንተሳይዘር ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ሲመለስ እጁ ያልዛገው ለዚህ ይመስለኛል።

ዕቃውን ከዚህ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ፣ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይፈቀድ ንገሩት። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ አያስቸግርም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ብዙ ፓወር ባንኮች የተሰካባቸው ዕቃ የሚወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን ምንም እንዳልተሰካ ቆጥረው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ማሽኑን ሰክታችሁ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰርኪቱን ለማፈላለግ ወስኛለሁ፤ እስኪገኝ ግን በላፕቶፑ እለማመዳለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጓደኛዬ ስሜቱ ሲነካ ያዘገያል፣ ሲሞቀው ያፈጥናል፤ ማሽኑ ደግሞ አይጠብቀውም። ይህን እንዴት ላስታርቀው?

ምት ቆጣሪ

በክሊክ (ምት በሚቆጥር ቋሚ ድምፅ) አያስሩት፤ ማሲንቆው ደርቆ ይቀርብዎታል። ዘፈኑን ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ክፍል ሲኩዌንሰሩን (ዙሩን በራሱ የሚያጫውተውን ክፍል) አያስነሡ፤ አንድ የሲንተሳይዘር ድምፅ ብቻ በረጅሙ ይያዙለትና እሱ እንደ ልቡ ያንጎራጉር፤ የእርስዎ እጅ ፊልተሩን (ድምፁን የሚያደበዝዘውንና የሚያደምቀውን ቁልፍ) ቀስ እያለ ይክፈት። በዚህ ጊዜ ቴምፖ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚጋጭ ነገር የለም። ከዚያ ወደ ችክችካው ሊገባ ሲል የቀስቱን እጅ ይመልከቱ፤ የሚነሣበትን ፍጥነት አስቀድማችሁ በልምምድ ተስማምታችሁ ቴምፖውን ሞልተው ይጠብቁትና፣ ቀስቱ በመጀመሪያው ምት ላይ ሲወርድ ማስነሻውን ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ካፈነገጠ ከበሮውን አጥፍተው ባሱን ብቻ ይተዉለት፤ ባሱን ከሰማ በሁለት ሦስት ዙር ውስጥ ራሱ ወደ ምቱ ይመለሳል፤ ያኔ ከበሮውን መልሰው ያስገቡ።