ቻርጀሩ ሲሰካ ማሲንቆው ላይ «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል! ሳክስፎኒስታችን ነገ ጠዋት ይሄዳል

የሐይቅ ዳር ሲንት (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ አልበም እየቀዳን ነው። ማሲንቆ፣ ቴነር ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፕና ሲንት (ሲንተሳይዘር)። ኖታ የለም። ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን፣ እየተሰማማን፣ እዚያው እየፈጠርን ነው የምንጫወተው። ስለዚህ «ማሲንቆውን በኋላ ለብቻው ቅጂው» እንዳትሉኝ። አንዴ የወጣው ነገር ተመልሶ አይመጣም።

ከትናንት ማታ ጀምሮ የማሲንቆው ቻናል ላይ «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ማሲንቆው ዝም ሲል ጎልቶ ይሰማል። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው በጣም ይቀንሳል፤ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የሰፈሩ መብራት ነው መሰለኝ ችግሩ። ምን ላድርግ?

ባጃጁ
እምምም የሚለው ጉማሬ ነው። የሐይቁን በኩል መስኮት ዝጉት።

ቁልፍና ሽቦ
ማሲንቆውን በምንድነው የምትቀዱት? ፊቱ በቆመ ማይክ ነው ወይስ በተለጠፈ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ)? ሲንቱስ የተሰካው ከላፕቶፑ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ነው? ይህን ሳናውቅ ዝም ብለን ነው የምንገምተው።

የፋሲሎ ልጅ
ቻርጀሩን ንቀዪው፣ አለቀ።

ጋሼ ትራንዚስተር
ልጄ፣ የሰፈሩን መብራት አትውቀሺው። ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ይህ ድምፅ የቆየ ደንበኛዬ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ መመላለስ ወደ ድምፅ መስመር ሲገባ በ50 ኸርዝ፣ ከዚያም በ100፣ በ150 እያለ ይሰማል። እንዴት ይገባል? ሁለት ዕቃዎች ከሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ) አላቸው እንበል። እንደገና በድምፅ ኬብል እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ክብ ሠሩ ማለት ነው። በዚያ ክብ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ የሚዞረውም በድምፅ ኬብሉ የውጭ ሽቦ ላይ ነው። ድሮ ቴፑንና አምፕሊፋየሩን ለየብቻ ሶኬት የሚሰኩ ደንበኞች ነበሩኝ። «ቴፑ ተበላሸ» ብለው ያመጡታል፤ ቴፑ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ መጀመሪያ የሲንቱን የድምፅ ኬብል ከሳውንድ ካርዱ (ድምፁን ወደ ላፕቶፑ ከሚያስገባው ዕቃ) ንቀዪና አዳምጪ። ቀጥሎ ሁሉንም ዕቃ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰኪ።

ዲጄ ግሽ አባይ
ቀላል ነው እኮ። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ከጎን ኧርዝ የሚነካ ብረት አለው አይደል? እሱን በፕላስተር ሸፍኚው። እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ጋሼ ትራንዚስተር
በፍጹም! ያ ብረት የተቀመጠው ለሰው ነፍስ ነው። ዕቃው ውስጥ የሆነ ነገር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ እሱ ነው። ሳክስፎኒስቱ ብረት ይዞ፣ በረጠበ ከንፈር ማይክ አጠገብ ቆሟል። እንዳትሞክሪው ልጄ።

የሐይቅ ዳር ሲንት
እሺ ጋሼ፣ አልሞክረውም። @ቁልፍና ሽቦ፦ ፒክአፕ ነው። ያቺ ክብ የናስ ሳንቲም የምትመስለው፤ ቆዳው ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋለች። ማይክ አልሆነልንም፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከበሮው ሁሉ ይገባበታል። ደግሞ የማሲንቆውን ድምፅ ብቻ ነጥዬ በላፕቶፑ እየቆራረጥኩ መልሼ ለተጫዋቹ እልክለታለሁ፤ እሱም ለዚያ ይመልሳል። ከበሮ ከገባበት ያ ሁሉ ይበላሻል።

ጋሼ እንዳሉት ሲንቱን ነቀልኩት። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፦ ማሲንቆ ተጫዋቹ የጃኩን (የኬብሉን መሰኪያ) ብረት በጣቱ ሲነካ ድምፁ ጭጭ ይላል።

አምባሰል
ይቅርታ አድርጊልኝና ችግሩ ሽቦው አይመስለኝም። ማሲንቆና ላፕቶፕን ምን አገናኛቸው? ማታ አንድ አዝማሪ ቤት ገብተሽ አዳምጪ። ሰውየው አንድ ጭራ ይዞ ቤቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ምን ጎደለውና ነው?

ባቲ ወዳጅ
አምባሰል፣ አዝማሪ ቤቱ የትም አይሄድም፤ አለ። ግን ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር ለብቻው ሲቀዳ ማንንም አልጎዳም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ሲወጣ ዓለም ሰማው። ሙላቱ አስታጥቄም ቅኝቶቻችንን ከቫይብራፎንና ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር ያገናኘው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ልጅቷ ከማሲንቆው ጋር እየተነጋገረች ነው፤ ልትሸፍነው አልፈለገችም። እርዷት።

ዲጄ ግሽ አባይ
ፕላስተሩን ሞከርሽው?

ቁልፍና ሽቦ
አትሞክሪው፤ አያስፈልግምም። «ጃኩን ሲነካ ጭጭ ይላል» ያልሽው መልሱን ይዟል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ክሮቹ ብረት ናቸው፤ ከጃኩ ብረት ጋርም የተገናኙ ናቸው። ተጫዋቹ ክሩን በነካ ቁጥር ገላው ከኧርዝ ጋር ይገናኛል፣ ጩኸቱም ይጠፋል። የማሲንቆ ጭራ ግን የፈረስ ፀጉር ነው። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ የሰውየው ገላ ከቻርጀሩና ከግድግዳው ሽቦ የሚመጣውን ሁሉ ይሰበስብና እዚያች ያልተሸፈነች ሳንቲም ላይ ያራግፈዋል። ቻርጀሩ ሲነቀል የሚቀንሰውም ለዚህ ነው።

አሁኑኑ ይህን አድርጊ። ፒክአፗን ከቆዳው ቀስ ብለሽ አንሺ። ሁለቱም ገጿ ላይ፣ ሽቦዎቹ የተበየዱበትንም ጨምረሽ፣ ስስ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፊ። በላዩ ላይ የወጥ ቤት ፎይል አንድ ዙር ጠቅልዪ። ከዚያ ፎይሉን ከኬብሉ የውጭ ሽቦ ጋር፣ ማለትም ዙሪያውን ከተጎነጎነው ጋር፣ አገናኚው። ፎይል አይበየድም፤ የተላጠውን ሽቦ ላዩ ላይ አስተኝተሽ በፕላስተር አጥብቂው። ፎይሉ የመሀለኛውን ሽቦ ከነካ ድምፅ ጭራሽ አይኖርም፤ እሱን ተጠንቀቂ። ስትመልሻት ጭራው ከሚያርፍባት እንጨት አጠገብ ለጥፊያት። ሰውየውን ራሱን ግን በሽቦ እንዳታስሪው።

ሌላው፦ ሳውንድ ካርዱ ላይ «ኢንስት» (INST) የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኚው። እንዲህ ያለ ፒክአፕ በማይክ መግቢያ ከገባ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ መጠኑን ትጨምሪያለሽ፣ ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ኬብሉ አጭር ይሁን። የሞባይል ቻርጀሮችን በሙሉ ከክፍሉ አውጪ።

የፋሲሎ ልጅ
ወይም ቻርጀሩን ንቀዪው።

ባቲ ወዳጅ
የፋሲሎ ልጅ አንድ ነገር ይዞ ሙጭጭ አለ፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሲቀዳ በባትሪ፣ ቡና ሲጠጣ በቻርጀር። ዋይፋዩን አጥፊ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ። ለሲንቱ ደግሞ ዲአይ ቦክስ (በሲንቱና በሳውንድ ካርዱ መሀል የሚገባ ትንሽ ሣጥን) ተዋሺ፤ ሠርግ የሚጫወቱ ባንዶች አያጡትም። እሱ ላይ ያለው «ሊፍት» የሚል ማብሪያ የሚያቋርጠው የድምፅ ኬብሉን ኧርዝ ብቻ ነው። የሶኬቱን ስለማይነካ አደጋ የለውም።

እስካሁን የተቀዳውንም እንዳትጥይው። ማሲንቆው ቻናል ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ፤ ማሲንቆ እዚያ ታች አይወርድም። ቴነር ሳክስፎኑ እንኳን የመጨረሻ ወፍራም ድምፁ 104 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ጩኸት ለማንሳት ማንም ሳይጫወት ጥቂት ሰከንድ ጩኸቱን ብቻ ቅጂ፤ ማጽጃው ፕሮግራም ያንን አይቶ ነው የሚያነሳው። ግን በዛ አድርገሽ አታጽጂ፤ የደጋኑ ፍትግታ አብሮ ይሄዳል። ያ ከሄደ ማሲንቆነቱ ሄደ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ሳይነካ መውጣት አለበት ብለሽ አትጨነቂ። አሜሪካዊው የጃዝ መለከት ነፊ ማይልስ ዴቪስ በነሐሴ 1969 (እ.ኤ.አ.) ከኤሌክትሪክ ፒያኖዎች ጋር ሦስት ቀን የተጫወተውን፣ ፕሮዲውሰሩ ቲዮ ማሴሮ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ ነው አልበም ያደረገው። ንጹሑን ክፍል ፈልጊ።

አምባሰል
እሺ፣ ሲያልቅ ግን እኔም መስማት እፈልጋለሁ። ከበሮው የማን ነው?

ባጃጁ
ፎይል ከጠፋ እኔ ጋ አለ። ዓሣ የተጠቀለለበት ነው፤ አጥቤ አመጣዋለሁ።

የሐይቅ ዳር ሲንት
ፎይል አግኝተናል። እየጠቀለልን ነው። መብራት ሄደ አሁን፤ በሞባይል መብራት እየሠራን ነው።

የክራር ተማሪ
ይህ ለክራርም ይሠራል? እኔም አዴት ሆኜ እንደዚሁ ያስቸግረኛል።

ቁልፍና ሽቦ
ክሩ ናይለን ከሆነ ያው ነው፤ ፎይሉን ጠቅልል። ብረት ከሆነ ግን ክሮቹ ታች የታሰሩበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ከጃኩ ብረት ጋር አገናኘው፤ እንደ ጊታር ይሆንልሃል። መጀመሪያ ግን የቤትህን ኧርዝ በባለሙያ አስፈትሽ።