የባትሪ ፋብሪካ ቃለ መጠይቅ አለብኝ፤ እርዱኝ

ጠያቂ (ኮትቡስ፣ ጀርመን)፦ ሰላም ወገኖቼ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽቫርትስሃይደ ባለው የቢኤኤስኤፍ ፋብሪካ ለአውስቢልዱንግ (እየሠሩ ለሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ቃለ መጠይቅ አለኝ። ሙያው ኬሚካንት ነው፤ የኬሚካል ማምረቻ መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ ማለት ነው። የኬሚካል ድርጅት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ስለ ባትሪም ያወራሉ። ባትሪ ይሠራሉ እንዴ? ያገለገለውንስ ምን ያደርጉታል? እናቴ ደግሞ «ኬሚካል ውስጥ ልትገቢ ነው?» ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

ኬሚስቷ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ባትሪውን ራሱን አይሠሩም፤ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቺ። የሚሠሩት የካቶድ፣ ማለትም የባትሪው የፖዘቲቭ ጫፍ፣ ዱቄት ነው። ኒኬል፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያለበት ውህድ ከሊቲየም ጋር ተደባልቆ እቶን ውስጥ ለሰዓታት ይጋገራል። የሚወጣውን ጥቁር ዱቄት የባትሪ አምራቾች ይገዙታል። ከባትሪው ጥሬ ዕቃ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው። የሽቫርትስሃይደው የካቶድ ፋብሪካ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ድርጅቱ በ1865 ሲቋቋም የጨርቅ ቀለም ነበር የሚሠራው፤ ይህን ብታነሺ ደስ ይላቸዋል።

የላይፕዚጉ፦ እኔ ሌላ ቦታ የአሮጌ ባትሪ ሪሳይክሊንግ (መልሶ መጠቀም) ላይ ነኝ። ጥቁር ዱቄት ሁለት ዓይነት ነው፤ እንዳታምታቺው። ኬሚስቷ ያለችው አዲሱ ነው። ሌላው ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው ነው፤ እኛ ሽቫርትስማሰ እንለዋለን። ባትሪው መጀመሪያ ቻርጁ እንዲያልቅ ይደረጋል። ቀጥሎ ይፈጫል፣ ይደርቃል፣ መዳቡና አሉሚኒየሙ ይለያል። የሚቀረው የከሰል ብናኝ ይመስላል። ጓንት ላይ ከያዘ እንደ ጥላሸት ነው፣ አይለቅም። ኒኬሉ፣ ኮባልቱ፣ ሊቲየሙ፣ ግራፋይቱም ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ በአሲድ ይሟሟና ብረቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ሽቫርትስሃይደ ላይ ይህን ዱቄት የሚያወጣው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ጀምሯል። በዓመት እስከ 15,000 ቶን ባትሪና የፋብሪካ ቁርጥራጭ ይቀበላል፤ ወደ 40,000 የመኪና ባትሪ ማለት ነው።

መካኒኩ (አዲስ አበባ)፦ ጣልቃ ልግባ። እዚህ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል። የእኛንስ ይወስዱልናል?

የላይፕዚጉ፦ ወንድሜ፣ የብዙዎቹ የቻይና መኪናዎች ባትሪ ኤልኤፍፒ (ከሊቲየም፣ ከአይረንና ከፎስፌት የተሠራ) ነው። ኒኬልም ኮባልትም የለውም፤ ስለዚህ ፈጭቶ መለየቱ ብዙ አያዋጣም። አውሮፓ ውስጥ ግን ሕግ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ካሮጌው ባትሪ ሊቲየም 50 በመቶው፣ እስከ 2031 መጨረሻ 80 በመቶው መውጣት አለበት። አገራችንም ባትሪው ሳይከመር ከአሁኑ ብታስብበት እላለሁ።

ነርሷ፦ የእናትሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። የኒኬል ብናኝ ለረጅም ጊዜ ከተሳበ ካንሰር ያመጣል። ባትሪው ውስጥ ያለው የሊቲየም ጨውም እርጥበት ሲያገኘው አደገኛ አሲድ ይፈጥራል። ሥራው በጥንቃቄ ይሠራል፤ አንቺም ሳታፍሪ ጠይቂ። የትኛውን ማስክ ነው የምለብሰው? የሥራ ልብሴ የት ነው የሚታጠበው? «ቤት ወስደሽ እጠቢ» ካሉሽ ተጠንቀቂ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የነርሷን መልስ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «ልብሱን ነገር እንዳትረሺ» አለችኝ።