«ከውስጥሽ የሚጮኸው ማን ነው?» ተብዬ ደነገጥኩ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከስድስት ዓመት ልጄና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ እቀዳለሁ። ከወር በፊት ልጄ ሲሮጥ በሩ ሥር ያስቀመጥኩትን ክዳኑ ያልጠበቀ ቢጫ ጀሪካን ገለበጠው። እንዴት እንደጮህኩበት ባልነግራችሁ ይሻላል። ልጁ አላለቀሰም፤ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ውሃውን መጥረግ ጀመረ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንዲህ ስሆን የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ሳሪስ አካባቢ ወደምትሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ መሄድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቀመጥ አደረገችና «ያ የሚጮኸው ክፍልሽ ሰውነትሽ ላይ የት ይሰማሻል? ምን እንደሚፈራ ጠይቂው» አለችኝ። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ሲተናነቀኝ ደንግጬ ዓይኔን ገለጥኩ። ለእናቴ ብነግራት «በውስጥሽ ሌላ አለ ካሉሽማ የሚያስፈልግሽ ጸበል ነው» አለች።

ይህ ነገር ምንድን ነው? ያሳብዳል? ከእምነት ይጋጫል? ሁለት ታክሲ መመላለሱ ስለከበደኝ ቤቴ ሆኜ ብቻዬን ብሞክረውስ?

መልስ፦ የኮዬ ፈጬው

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ስለሄድኩበት የማውቀውን ልንገርሽ። «አንዱ ልቤ ሂድ ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ተው ይለኛል» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ጸበል ውሰዱት አንልም፤ የሁላችንም ነገር ነውና። አማካሪዋ የምታደርገው እነዚያን ሁለት ልቦች ተራ በተራ ማናገር ነው።

እኔ የሄድኩት ሥራ ስጀምር ገና «አንተ ሰነፍ» እያለ የሚሰድበኝ ነገር አላሠራ ስላለኝ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። አማካሪዬ አንድ ቀን «ለዚህ ተሳዳቢ ምን ይሰማሃል?» ሲለኝ «አስጠላኝ፣ ውጣልኝ ነው የምለው» አልኩት። «እንግዲያውስ አሁን የሚናገረው ሌላ ወገን ነው፤ የሚጠላው። እሱን ትንሽ ገለል እንዲልልህ ለምነው» አለኝ። ያን ቀን ገባኝ። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ አንዱን ወገን እየጠላ ቢቀመጥ ማን ቃሉን ይሰጠዋል? ተሳዳቢው መናገር የጀመረው እኔ ለማባረር መጣደፌን ስተው ነው። የሚፈራው አባቴ ቀድሞ እንዳይሰድበኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

አንቺም ስትናደጂ «ተናደድኩ» ማለቱን ትተሽ «ከውስጤ አንዱ ተናዷል» ብለሽ ሞክሪው። ተራ የቃል ለውጥ ይመስላል፤ እኔ ግን ያተረፍኩት ከዚህ ነው።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

አካሄዱ ከገለጽሽው አንፃር የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት የሚባለውን ሕክምና ይመስላል። ሪቻርድ ሽዋርትዝ የተባለ አሜሪካዊ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ነው። ያለ ልክ በልተው ራሳቸውን ከሚያስመልሱ ታካሚዎች ጋር ሲሠራ «አንዱ ክፍሌ እንዲህ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ…» ሲሉ ይሰማ ነበር። ለተጣላ ቤተሰብ የሚያደርገውን ለእነዚህ ክፍሎች ማድረግ ጀመረ።

ክፍሎቹን በሦስት ይመድባቸዋል። አስተዳዳሪዎቹ ነገር እንዳይበላሽ ቀን ከሌት ይቆጣጠራሉ። እሳት አጥፊዎቹ ሕመሙ ሲቀሰቀስ ያገኙትን ያነሣሉ፦ መጠጥ፣ ምግብ፣ ጩኸት። ግዞተኞቹ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች እንዳይነኩ የሚከላከሉላቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ ሐፍረትና ፍርሃት ተሸክመው የተደበቁት ናቸው። ከሁሉም በታች ጉዳት የማይደርስበት፣ የተረጋጋና የሚያዳምጥ «ራስ» አለ ይላል። ከአንድ በላይ ማንነት አለብሽ የሚል ምርመራ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚል አመለካከት ነው።

ማስረጃው ገና ብዙ አይደለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን 79 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ ሲያወዳድር፣ ይህን ሕክምና ያገኙት በሕመም ስሜትም በድብርትም መሻሻል አሳይተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን ትንሽ ጥናት ነው። «ሁሉን ይፈውሳል» የሚልሽ ካለ ተጠንቀቂ።

ብቻሽን ስለመሞከር፦ አስተዳዳሪዎቹን መተዋወቅ ትችያለሽ። የት እንደሚሰማሽ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ከስንት ዓመትሽ ጀምሮ እንደሚሠራ ጠይቂ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የልጅነት ትዝታ መጥቶ ካንዘፈዘፈሽ ግን ቁሚ፤ እግርሽን ወለሉ ላይ አድርጊ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚታዩሽን አምስት ነገሮች ቁጠሪ፣ የቀረውን ለቀጠሮሽ አቆዪው። ግዞተኞቹ ዘንድ ብቻሽን አትሂጂ። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ከሰማሽ፣ እንቅልፍ ለቀናት ከጠፋሽ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ይህን ትተሽ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ኢካ ኮተቤ ሂጂ፤ ለአንቺ የሚቀርብ ሌላ ሆስፒታል ካለም የድንገተኛ ክፍሉ ይበቃል።

መልስ፦ የለገጣፎ እናት

ልጄ፣ እናትሽን አትጣያት። «በውስጥሽ ሌላ አለ» ብለሽ ስትነግሪያት ምን ታስብ? «ቁጣዬን እንዳበርድ ከአንዲት ባለሙያ ጋር እነጋገራለሁ» ብትያት ይበቃት ነበር። እኔ ጸበሌን እጠመቃለሁ፣ የድብርት መድኃኒቴንም እውጣለሁ፤ ንስሐ አባቴ ሁለቱንም ያውቃሉ። ጸበሉም ይሁንሽ፣ ቀጠሮውንም አትዝለዪ። ግን ከአማካሪሽ ጋር የተነጋገራችሁትን ዝርዝር ለቤት ሰው አታውጪ።

መልስ፦ የሰበታው ልጅ

እኔ ከሁለት ቀጠሮ አንዱን በስልክ አድርጌዋለሁ፤ አማካሪሽን ጠይቂያት። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስጥር አይይዝም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ኮሙናሉ ውስጥ እቀመጥ ነበር። መስመር ቢቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ አንዴ በጣም ከባድ ነገር ላይ ተቋርጦብኝ ሁለታችንም እየደወልን ለሃያ ደቂቃ መስመሩ ተይዟል ሲለን ቆየ። ከጨረስሽ በኋላም ወዲያው ወደ ምድጃ አትሂጂ፤ ትንሽ ተቀመጪ።

መልስ፦ የቃሊቲው

ስለ ውስጥ ቤተሰብ አላውቅም። ጀሪካኑን ግን ከበሩ ሥር አንሺው።

ምላሽ፦ የቱሉ ዲምቷ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሌሊት ውሃው እስኪመጣ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። ጉሮሮዬን የሚተናነቀኝን «ምን ትፈራለህ?» አልኩት። የሚያሳዝን ነገር ጠብቄ ነበር። የመጣልኝ ግን «በዚህ ሰዓት ማን የሚቀሰቅስሽ ይመስልሻል?» የሚል ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ እናቴ ከመኝታዋ «ከማን ጋር ነው?» አለች። «ከራሴ ጋር» አልኳት፤ ዝም አለች።

ከዚያ ያለፈ አልጠየቅሁም፤ ውሃው ሊመጣ ሲል ቧንቧው አየር መንፋት ጀመረ። እትዬ፣ ለእናቴ እንዳሉኝ አድርጌ እነግራታለሁ። ሐሙስ ሳሪስ እሄዳለሁ፤ የስልኩንም ነገር እጠይቃለሁ። ጀሪካኑ አሁን ባልኮኒ ላይ ነው።